«የምንገዛው ቤት ራዶን 6.2 ወጣበት፣ እንተወው ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ቤቱን አትተዉት። ግን ባለቤትሽ «ሽታ የለው፣ ጎረቤቱ ቤት 2 ነው የወጣው፣ ምን ያስጨንቀናል» ማለቱን አልቀበልም። እኛም እዚያው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው የምንኖረው። ቤታችንን አስለክተን፣ አሠርተን፣ እንደገና ለክተነዋል።

ራዶን አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚወጣ ጋዝ ነው። በወለል ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት፣ ከቤቱ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በሚያወጣው ሳምፕ ፓምፕ ጉድጓድ ሾልኮ ይገባል። የጭስም ሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም አያውቀውም። በ1984 ፔንስልቬንያ ውስጥ ስታንሊ ዋትራስ የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ ሠራተኛ ሥራ ሲገባ የጨረራ ማንቂያው ይጮህበት ነበር። ሲጣራ ጨረራው የመጣው ከገዛ ቤቱ ሆኖ ተገኘ፤ ቤቱ ሲለካ ወደ 2,700 ፒኮኪዩሪ በሊትር (የእናንተም 6.2 የሚለካው በዚሁ ነው) ወጣ። ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) አስተካክሉ የሚለው ከ4 ጀምሮ ነው፤ በአሜሪካ በዓመት ወደ 21,000 ሰው ራዶን ባመጣው የሳንባ ካንሰር እንደሚሞትም ይገምታል። የሚያጨስ ሰው ካለ ደግሞ አደጋው በጣም ይብሳል። የጎረቤት ቁጥር የጎረቤት ነው፤ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች እንኳ ይለያያሉ።

እናትሽ ከአገር ቤት ሲመጡ ቤዝመንት (ምድር ቤቱ) ነው የሚያርፉት ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ራዶን የሚበዛው ታች ነው፣ በክረምት ቤቱ ተዘግቶ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። እኛ እንግዳውንም፣ አዲስ መጤውንም፣ ተከራዩንም የምናሳርፈው ቤዝመንት ነው። ልጅ የሚይዙ እናት ቀንም ሌሊትም እዚያው ናቸው።

ካውንቲው ቤት ሲሸጥ ራዶን እንዲለካ በሕግ ያስገድዳል፤ ሻጩ እንዲያስተካክል ግን አያስገድድም። ስለዚህ የኢንስፔክሽኑ (የቤት ፍተሻው) ቀነ ገደብ ሳያልፍ በኤጀንታችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፦ ወይ ያሠራ፣ ወይ ከዋጋው ይቀንስ። ሥራው ከባድ አይደለም። የቤዝመንቱን ወለል ይበሱና የፕላስቲክ (ፒቪሲ) ቧንቧ ያስገባሉ፣ ማራገቢያ ይገጥማሉ፣ ጋዙ ከጣሪያ በላይ ይወጣል። የእኛን አንድ ቀን አልፈጀባቸውም። ዋጋው እንደ ቤቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ባለው ውስጥ ይሆናል። ቧንቧው ላይ ባለቀለም ፈሳሽ ያለበት የዩ ቅርጽ መለኪያ ይለጥፋሉ። የሁለቱ ወገን ፈሳሽ እኩል ከሆነ ማራገቢያው አይስብም ማለት ነው፣ ቶሎ ደውሉ። እኔ ልብስ ለማጠብ በወረድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ማራገቢያውን መብራት ለመቆጠብ ብሎ ማጥፋት የለም።

ከተሠራ በኋላ ራሳችሁ ለኩ። ራዶኑን በከሰል የሚይዘው መለኪያ ሆም ዲፖ (የቤት ዕቃና መሣሪያ መደብር) አለ፣ ርካሽ ነው። መለካት ከመጀመራችሁ 12 ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ መስኮት ዝጉ፣ ልኬቱ እስኪያልቅም አትክፈቱ። ወጥ ሲሠራ መስኮት መክፈት ልማዳችን ስለሆነ ቁሌቱን ቀድመሽ ጨርሺው። መለኪያው እናትሽ በሚተኙበት ክፍል ይቀመጥ፣ ከወለሉ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመስኮትና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ። እንዳለቀ ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አድርሱት፤ ራዶን በአራት ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የቆየ መለኪያ ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ድገሙት።