«ብቀር ይቆረጥብኛል?»

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ከቤቴ ሦስተኛው በር። የቤቱ ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከገባች አምስት ወር ሆኗታል። ያን ቀን ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ተዘግቷል። አቦሉን ሳልጨርስ «ጋሼ፣ የሠራተኛ ማህበር ሊቀመንበር ነበሩ አይደል? ነገ ብቀር ይቆረጥብኛል?» አለችኝ።

ስኒውን አስቀመጥኩ። ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ቃል፣ ሐምሌ 2012 ሌላ ልጅ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለእኩዮቿም ይሁን ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እንጀራዬ ዱቄት ፋብሪካ ነበር። ስሙ ይቅር። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት የመሠረታዊ ሠራተኛ ማህበሩ ሊቀመንበር ነበርኩ። ሠራተኛው ስሜን ትቶ «ሊቀመንበር» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል ከተማው ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኛ አልሮጥንም። ዱቄት ፈላጊው በረከተ። ሰዉ ለክፉ ቀን እያለ ይገዛ ነበር፣ መኪና በር ላይ ይሰለፋል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛ ይቀንሱብናል ብዬ ፈራሁ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በእሱ ዘመን አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ተከለከለ። መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) እና የአሠሪዎች ፌዴሬሽንም በሥራ ቦታ ኮሮናን ስለ መከላከል አንድ ፕሮቶኮል ተፈራረሙ። ቅጂውን አስባዝቼ ክበቡ በር ላይ ለጠፍኩት። በር ላይ ቧንቧ ያለው በርሜል ቆመ፣ ሳሙና መጣ፣ ማስክ ታደለ። «እፎይ፣ ሥራዬን ሠራሁ» አልኩ።

ስለ ማስኩ አንድ ነገር ልበልና ልመለስ። በእኛ ፋብሪካ ማስክ የመጣው ከኮሮና ጋር ነው። የዱቄት ብናኝ ግን ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው። ብናኙ አስም ያመጣል። ማሸጊያ ክፍል ዓመታት የሠራ ሰው ሳል ብርቁ አይደለም፣ «የዱቄት ሳል ነው» ብለን እናልፈዋለን። ለዚህ ሳል ስንት ጊዜ ጠየቅን? አንድ ጊዜ። ወረቀቱ መልስ አላገኘም፣ እኛም አልተከታተልነውም። እና ሐምሌ ላይ ሁሉም ሲያስል የትኛው ሳል የዱቄት፣ የትኛው የበሽታ እንደሆነ በምን እንለየው?

ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ማህበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነታችን ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር። ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር የሠራ 300 ብር ይጨመርለታል ይላል። ያ አንቀጽ የእኔ ነው። ሁለት ወር ተደራድሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የጸደቀ ዕለት ክበቡ ውስጥ ተጨበጨበልኝ። ደግሞ ከልቤ አምንበት ነበር። በ1977 ድርቅ ጊዜ ጎረምሳ ሆኜ የእርዳታ ስንዴ ተሸክሜያለሁ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ። የዚያ ጆንያ ሽታ ዛሬም አይጠፋኝም፣ አቧራና እርጥብ ገመድ። ያኔ አንድ ቀን መቅረት ማለት በዚያ ቀን አለመብላት ነው። አንድ ጓደኛዬ ትኩሳት እንደያዘው ሲሸከም ውሎ ማታ ሲነዝረው «ወንድ» ብለን አሞገስነው። እንግዲህ ሳይቀር የሚሠራ ሰው ይሸለም ያልኩት ከዚያ ተነስቼ ነው።

ልጅቷ ማሸጊያ ክፍል ነበረች፣ ጆንያ መስፊያው ላይ። ቢሮዬ በር ላይ ቆማ «ሊቀመንበር፣ ነገ ብቀር ይቆረጥብኛል?» አለች። ስምምነቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጣቴን በምራቄ አርሼ፣ በዚያ በኮሮና ዘመን፣ ገጹን ገለጥኩ። አንቀጹን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በኩራት ነበር ያነበብኩት። «ደመወዝሽ ሳይሆን ጭማሪው ነው የሚቀርብሽ። ስምምነቱ ነው ልጄ» አልኳት።

«አረፋ ደረሰኮ። ሐይቅ እናቴ ጋ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ነው» አለች።

«አብሽሪ፣ ጉንፋን ይሆናል» አልኳት።

አያችሁ፣ ምን እንዳመማት እንኳ አልጠየቅኩም። ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ ምን እንደሚል አልነገርኳትም። ሐኪም ቤት መሄድ እንደምትፈራም አውቃለሁ። ያኔ ሁሉም ሰው ካሳለ ደሴ አጠገብ ወዳለው የኮሮና ማከሚያ፣ ቦሩ ሜዳ ይወስዱኛል እያለ ይፈራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆሜ አየኋት። ሻሿን ፈታች። ጫፉን ከበርሜሉ ቧንቧ ሥር አድርጋ አራሰችው። ጨመቅ አድርጋ ግንባሯ ላይ ለጠፈችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትቆጥር ይመስለኛል። ከዚያ ግንባሯን በእጅጌዋ አደረቀች፣ ሻሿን መልሳ አሰረች፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ገባች። ጥበቃው የሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደገነ። 36.4። «እለፊ» አላት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ። እኔም ሰላም አልኳት።

አለቀ። ያደረግኩት ይኸው ነው፣ ሰላም አልኳት።

በአራተኛው ቀን መስፊያው ላይ ተደፍታ ተገኘች። በዚያ ሳምንት ከማሸጊያ ሦስት ሰው ተኛ። ማን ከማን እንደያዘው ማንም አያውቅም፣ እሷ ናት የሚለኝ ሰው ካለም እጣላዋለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከፊት ለፊቷ ጆንያ የሚያነሳ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዱቄት ደራርቦ የሚሸከም ሰው ነበር። ዳነ። ሳንባው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አሁን ሸሻ በር ትንሽ ሱቅ አለው። ቤቴ ሲመጣ ያችን አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ ቆሞ ነው የሚጨርሳት። ሲቆም ስልክ የሚያይ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ትኩሳት ወይም ሳል ያለው ሰው ቢቀር እንዳልቀረ ይቆጠርለት፣ 300ውም አይነካበት አልኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲፈርም «ይህን ሚያዝያ ላይ ብትጠይቀን ያኔውኑ እንፈርም ነበርኮ» አለኝ።

አርባ ደቂቃ።

ልጅቷ መስከረም ላይ ሥራውን ለቀቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደሴ ሰኞ ገበያ አገኘኋት። ጦርነቱ አልፎ ከተማው ገና ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ልጆቼን በስም በስም ጠየቀችኝ። ይቅርታ ልላት ነበር። የሽንኩርት ዋጋ ጠይቄያት ተለያየን።

እና ልጆቼ፣ እጅ ታጠቡ፣ ተራራቁ አልላችሁም፣ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምላችሁ ስለ ደመወዝ ነው። መቅረት የሚያስከፍል ከሆነ ሰው ታሞ ይመጣል። ማስኩም፣ በርሜሉም፣ መለኪያውም እርጥብ ሻሽ አያሸንፉም። ማህበር ወረርሽኝ ሲመጣ መጀመሪያ መክፈት ያለበት የኅብረት ስምምነቱን ነው፣ በተለይ ያስጨበጨበለትን ገጽ።

ሕጉን አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለጤና ወይም ለደህንነት የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ አሠሪው እያወቀ፣ ማህበሩ ወይም ራሱ ሠራተኛው አስጠንቅቆት ዝም ካለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ማህበር ያስጠነቀቀበት ወረቀት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጻፈ እሮሮ ግን ማንንም ሲያስደነግጥ አላየሁም። ይህ ነው የዘንድሮ ልጆች የሚያናድዱኝ። ማታ ማታ ግሩፑ ላይ ትፎክራላችሁ፣ ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነው። ደግሞ መቅረት ትወዳላችሁ። ትንሽ አፍንጫ ከፈሰሰ ቀረሁ ነው። እኛ እንዲህ አልነበርንም... ይኸው፣ ምን እያልኩ እንደሆነ አያችሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ ተጸጽቼም ያ የ1977 ጎረምሳ ከውስጤ አልወጣም።

ለጎረቤቴ ልጅ ያኔ ያልነገርኩትን ነገርኳት። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል፣ የሕመም ፈቃድ መብትሽ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት ያዢ። በቀረሽ ማግስት አሳውቂያቸው። ጭማሪ ካላችሁ እሱን ማህበራችሁን ጠይቂ አልኳት።

«ማህበር የለንም ጋሼ» አለች።

«አሥር ሰው ይበቃል።»

ሳቀች፣ ከሳቋ ሳል መጣ። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። ከመስመሯ አራት፣ ከካውያ ክፍል ሁለት፣ አንድ ልጅ ከመጋዘን። ሰባት ላይ ቆመች። «ስምንተኛዋ ትፈራለች» አለች። እናቷ በረካውን ቀድተው አቀረቡልን። ልጅቷ ግን የታጠፉትን ሰባት ጣቶቿን አልዘረጋችም፣ ስኒውን በቀሩት ሦስቱ ለመያዝ ትታገል ነበር።