ኢን ኢር ሞኒተር ሲያወዳድሩ ድምፁንና ምቾቱን ለየብቻ አይመዝኑ

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ባሉ አዳራሾች በሰርግና በመልስ ዝግጅቶች ላይ ኪቦርድ እየተጫወቱ የሚዘፍኑ አንባቢ ጥያቄ አቅርበዋል። ከጓደኞቻቸው ሁለት ዓይነት ባለገመድ ኢን ኢር ሞኒተር (ጆሮ ውስጥ ገብቶ የመድረኩን ድምፅ ለተጫዋቹ የሚያሰማ ማዳመጫ) ተውሰው ሞክረዋል፤ አንዱ ለእያንዳንዱ ጆሮ አምስት ድራይቨር (ድምፁን የሚፈጥር ትንሽ ስፒከር) ያለውና የተለያየ ዓይነት ድራይቨር የሚቀላቅል ሃይብሪድ ሲሆን ሌላው ነጠላ ዳይናሚክ ድራይቨር ብቻ ያለው ነው። ቤት ውስጥ በስልክ ሲያዳምጡ ባለ አምስቱ ጥርት ያለ ሆኖ አግኝተውታል፤ ባለ ነጠላው ግን የታፈነ መስሏቸዋል። መድረክ ላይ ባለ አምስቱን ከሚክሰሩ የሄድፎን መውጫ ሰክተው ሲጠቀሙበት ደግሞ ቤዙ ጠፋ፣ የማሲንቆው ድምፅ ጆሮ የሚወጋ ሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም የግራ ጆሯቸውን ያማቸው ጀመር። ጥያቄያቸው የትኛውን ልግዛ የሚል ነው።

ከገለጻዎ ተነሥቼ የምመክርዎ ባለ ነጠላ ድራይቨሩን ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ በእኩል ሁኔታ ስላልተወዳደሩ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ተጨማሪ ሙከራ ያስፈልግዎታል። የጠፋው ቤዝና የታመመው ጆሮ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም፣ በአብዛኛው ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርሱም ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ከጆሮዎ ቀዳዳ ጋር አለመስማማቱ ነው። መጠኑ ያልሆነ ጎማ ወይ ይሰፋና ያማል፣ ወይ ይጠብና አየር ያሳልፋል። የሚያመውን ጎማ ደግሞ ሰው ሳያውቀው በጣቱ ወደ ውጭ ሳብ ስለሚያደርገው እርሱም አየር ማሳለፍ ይጀምራል።

አየር ሲያሳልፍ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ኢን ኢር ሞኒተር በጣም ትንሽ የሆነ ድራይቨር ይዞ ጥልቅ ቤዝ ማሰማት የሚችለው፣ በጎማውና በጆሮ ታምቡር መካከል ያለችውን ትንሽ የታሸገች አየር ስለሚገፋ ብቻ ነው። ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ ከተፈጠረች ያ ግፊት በክፍተቷ ይወጣል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ሚዱና ትሬብሉ (መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ) እምብዛም ስለማይነኩ፣ ቤዝ የጎደለው ድምፅ «የጠራ» ይመስላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ያስደስታል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያደክማል። ቤት ውስጥ ጥርት አለ ያሉት ባለ አምስቱ በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለማረጋገጥ ስልክዎ ላይ የ50 ኸርዝ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ይጫኑ። ሞኒተሩን ሲያስገቡ በተቃራኒው እጅዎ ከራስዎ በላይ አልፈው የጆሮዎን የላይኛውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፤ ይህም የጆሮውን ቀዳዳ ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ በሌላው እጅ ጎማውን በትንሹ እያዞሩ ያስገቡና የሳቡትን ይልቀቁ። የ50 ኸርዙ ድምፅ እየተሰማ ቀፎውን በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ሲጫኑት ቤዙ በግልጽ ከጨመረ፣ ጎማው ሳይጫኑት አልገጠመም ማለት ነው፤ ሌላ መጠን ይሞክሩ። ካልተለወጠ ገጥሟል። ይህንን ለቀኝና ለግራ ለየብቻ ያድርጉት፤ የብዙ ሰው ሁለት ጆሮ እኩል ስላልሆነ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ጎማ መጠቀም የተለመደ ነው። የእርስዎም ሕመም በግራ ብቻ መሆኑ ወደዚህ ያመለክተኛል።

እርስዎ ዘፋኝም ስለሆኑ አፍዎን ከፍተው ሳይሞክሩ ገጥሟል አይበሉ። መንጋጋ ሲከፈት የጆሮ ቀዳዳ ቅርፁን ይለውጣል፤ በዝምታ ፍጹም የታሸገ ጎማ «አ» ብለው ከፍ ያለ ኖታ ሲይዙ ሊከፈት ይችላል። የ50 ኸርዙን ድምፅ እያሰሙ አፍዎን እንደ መድረክ አከፋፈትዎ ሰፋ አድርገው ይክፈቱና ይዝጉ። ቤዙ ከመንጋጋዎ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ሞኒተር ለኪቦርዲስት ቢሆን እንጂ ለዘፋኝ አይሆንም። እንዲህ ሲሆን ሲሊኮኑን በስፖንጅ ጎማ መተካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ስፖንጁ በጣት ተጠቅልሎና ቀጥኖ ከገባ በኋላ ውስጥ እየሰፋ ቀዳዳውን ስለሚሞላ የመንጋጋን እንቅስቃሴ ይከተላል፤ ትሬብሉን ትንሽ ያለሰልሳል፣ ይህም ለእርስዎ ማሲንቆ የሚጠላ አይደለም።

ቀጥሎ የድምፅ ከፍታ ጉዳይ አለ። ሁለቱን ሞኒተሮች በአንድ ዓይነት የቮሊዩም ልክ አዳምጠው ከሆነ በእኩል ድምፅ አዳምጠዋል ማለት አይደለም። በተሰጣቸው ኃይል የሚያወጡት የድምፅ ከፍታ ይለያያል፤ በአንድ ሚሊዋት 107 ዴሲቤል የሚሰጥና 112 ዴሲቤል የሚሰጥ ሁለት ዕቃ በእኩል ኃይል ሲነዱ በ5 ዴሲቤል ይራራቃሉ። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ብሎ ይመርጣል፤ ልዩነቱን እንደ ከፍታ ሳይሆን እንደ ጥራት ነው የሚሰማው። በዚህ ላይ ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዝን ከሚድ ይበልጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ከፍተው ሁለቱ በጆሮዎ እኩል እስኪመስሉ ቮሊዩሙን ያስተካክሉ፤ የእያንዳንዱን ልክ በወረቀት ይጻፉና ዘፈን ማዳመጥ ከዚያ በኋላ ይጀምሩ። ለማወዳደሪያም የሚያውቁትን የራስዎን የባንድ ቅጂ ይምረጡ እንጂ፣ ተስተካክሎና ተወልውሎ የወጣ የስቱዲዮ ሥራ ሁሉንም ዕቃ ያሳምራል። ከበሮ፣ ቤዝ ጊታር፣ ማሲንቆና የራስዎ ድምፅ በአንድነት ያሉበት አንድ ትዝታ ወይም ባቲ ይበቃል። ቤዝ ጊታሩ የሚጫወታቸውን ኖታዎች ለይተው ይሰሙ እንደሆነ፣ ወይስ ጉምጉምታ ብቻ እንደሆነ ያስተውሉ፤ ማሲንቆው የሚጮህበት ቦታ ላይ ደግሞ ፊትዎ ይጨማደድ እንደሆነ።

አሁን ወደ ሚክሰሩ እንምጣ፤ ቤት ውስጥ የወደዱት ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ጠባዩን የለወጠበት ሁለተኛው ምክንያት እዚያ ነው። የብዙ ሚክሰርና የብዙ ኪቦርድ የሄድፎን መውጫ የተሠራው ለትልልቅ ሄድፎኖች ታስቦ ስለሆነ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) በአሥሮች ኦም ይቆጠራል፤ የጥሩ ስልክ ወይም የትንሽ ዲጂታል አዳፕተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው። ነጠላ ዳይናሚክ ድራይቨር ኢምፒዳንሱ ከቤዝ እስከ ትሬብል ያን ያህል ስለማይለዋወጥ ከየትኛውም መውጫ ቢሰካ ጠባዩ ብዙም አይቀየርም። ብዙ ባላንስድ አርማቸር (በሃይብሪድ ውስጥ ከዳይናሚኩ ጋር የሚቀላቀለው ትንሽ ድራይቨር) ያለበት ዕቃ ግን በውስጡ ባለው የማከፋፈያ ሰርኪዩት ምክንያት በአንዱ ፍሪኩዌንሲ 20 ኦም፣ በሌላው 40 ኦም ሊሆን ይችላል። ይህን ዕቃ 50 ኦም ከሆነ መውጫ ሲሰኩት፣ 40 ኦም የሆነበት የድምፅ ክልል 20 ኦም ከሆነበት ወደ 4 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ብሎ ይወጣል። ማንም የኢኪው (የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ) ቁልፍ ሳይነካ ኢኪው ተደረገ ማለት ነው። የተነሣው ክልል ማሲንቆ ከሚነክስበት ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ከዋለ የእርስዎ አቤቱታ በትክክል የሚጠበቅ ይሆናል።

ባለሙያዎች የሚከተሉት ልማድ የመውጫው ኢምፒዳንስ ከሞኒተሩ ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው፤ 17 ኦም ለሆነ ሞኒተር ወደ 2 ኦም መሆኑ ነው። ይህን የምታሟላ ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ የሞኒተር ማጉያ ድምፁን ከሚክሰሩ የኦክስ መውጫ (ለሞኒተር የተለየ ሚክስ ከሚወጣበት) ቢያስገቡላት፣ ቮሊዩሙም በእጅዎ ስለሚሆን በየዘፈኑ መሃል ለሳውንድ ማኑ ምልክት ከመስጠት ትገላግልዎታለች። ብሉቱዝን ግን ለመድረክ አያስቡት። መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፤ ከስፒከር 3 ሜትር ርቆ መቆም የሚያስከትለው መዘግየት ግን 9 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

የድራይቨር ብዛትን በተመለከተ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኤቲሞቲክ ኢአር4 በየጆሮው አንድ ባላንስድ አርማቸር ብቻ ይዞ ለዓመታት የማመሳከሪያ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል፤ በየመድረኩ የሚታየው ሹር ኤስኢ215ም ባለ ነጠላ ዳይናሚክ ነው። አምስት የሚለው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ያምራል።

ምቾትን ሲመዝኑ «ያማል» ብለው አይለፉት፤ የት እንደሚያም ይለዩ። ሕመሙ ከቀዳዳው አፍ ላይ ከሆነ ጎማው ሰፍቷል ወይም ጎማው የሚሰካበት ቱቦ ለጆሮዎ ወፍራም ነው። የመጀመሪያው በርካሽ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው አይስተካከልም። ሕመሙ ከቀዳዳው ውጭ ባለው የጆሮ ጎድጓዳ ላይ ከሆነ የሚነካዎት ቀፎው ራሱ ነው፤ አምስት ድራይቨር የሚይዝ ቀፎ በአብዛኛው ከባለ ነጠላው ስለሚተልቅ ትንሽ ጆሮ ላይ የሆነ ጠርዝ አጥንት መሰል ክፍሉን ይጫናል፤ ይህም የሚታወቀው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ሞክሮ መግዛት ዋጋ የለውም። ሕመሙ ከጆሮ ጀርባ ከሆነ ደግሞ ገመዱ የሚታጠፍበት ሽቦ ነው፤ በእጅ ይስተካከላል፤ መነጽር ወይም የተሠራ ሹሩባ ያላቸው ዘፋኞች ግን ሽቦ የሌለውን ለስላሳ ገመድ ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

ስለ ራስዎ ድምፅ ያልጠየቁኝ ነገር አለ፤ ጎማው በትክክል ከገጠመ በኋላ ግን ስለሚገጥምዎ አስቀድሜ ልንገርዎት። ጆሮ ሲታሸግ የራስ ድምፅ በአጥንት በኩል መጥቶ ውስጥ ስለሚታፈን ጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍኑ ይመስልዎታል። ብዙ ዘፋኞች በዚህ ሰበብ አንዱን ጆሮ ያወልቃሉ፤ የቀረውን ጆሮ ቮሊዩም ከፍ ያደርጋሉ፤ ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም እንደገቡ ትቶ፣ ለእርስዎ ብቻ በሚመጣው ሚክስ ላይ የራስዎን ድምፅ ከ250 ኸርዝ በታች መቀነስና ጥቂት ሪቨርብ (ማስተጋባት) መጨመር ነው። እልልታውና ጭብጨባው ከራቀብዎ አንድ ማይክራፎን ወደ እድምተኛው ዞሮ ለሞኒተሮቹ ብቻ ይግባ።

ከፍታውንም ይጠብቁ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ሲደርስ 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ይሆናል። የሰርግ ምሽት ከዚያ ይረዝማል። የኤስኢ215 አምራች ጎማው በትክክል ሲገጥም ከውጭ የሚመጣውን እስከ 37 ዴሲቤል ይከላከላል ይላል፤ ከዚህ ግማሹን እንኳ ቢያገኙ የከበሮውን ጩኸት ለመብለጥ ቮሊዩም መጨመር አያሻዎትም።

የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሚያዝያና በግንቦት፣ በተለይ በዳስ ውስጥ፣ ላብ ሲሊኮኑን ያንሸራትተዋል፤ በመሃል ዕረፍት ጆሮንም ጎማውንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቤዙን ይመልሰዋል። ስፖንጅ ላብና ኩክ ስለሚጠጣ ቶሎ ይሞታል፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ካልተመለሰ ይጣል። ከሥራ በኋላ ጎማዎቹን አውልቀው ሞኒተሩን ከጫማ ካርቶን በሚወጣው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡት። በቱቦው አፍ ላይ ያለችው መረብ በኩክ ስትደፈን አንዱ ጎን ዝቅ ይላል፤ በመርፌ አይውጉት፣ አፉን ወደ ታች አዙረው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት።

እንግዲህ ሁለቱን ዕቃዎች ለአንድ ሳምንት መልሰው ይዋሱ፤ በየጆሮዎ የሚሆነውን ጎማ ካገኙ በኋላ አንዱን ሙሉ ልምምድ በአንደኛው፣ ሌላውን ልምምድ በሌላኛው ያድርጉ። ባለ ነጠላው አፍዎ ሲከፈት ቤዙን ከያዘና ለሁለት ሰዓት ካላመመዎት እርሱን ገዝተው የቀረውን ገንዘብ በማጉያዋ ላይ ያውሉት። ባለ አምስቱ በተስተካከለ ጎማና በማጉያዋ በኩል ማሲንቆውን ካለዘበልዎት፣ ቀፎውም ካልጫነዎት ግን ምርጫውን ለመለወጥ አያመንቱ። የትኛውንም ቢገዙ ገመዱ የሚነቀል ይሁን፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው ከጃኩ ሥር ያለው ክፍል ስለሆነ ሲገዙ ገመዱ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበት መሰኪያ ኤምኤምሲኤክስ ወይም ባለ ሁለት ፒን 0.78 ሚሊሜትር መሆኑን ጠይቀው ይመዝግቡና አንድ ትርፍ ገመድ ከኪቦርዱ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ።