የጨው ማሰሮ ሲያልበውና ቅቡ ሲላጥ

አንድ አንባቢ በእጅ የተሠራ ባለክዳን የሴራሚክ ማሰሮ የጨው ማስቀመጫ አድርገው ሲጠቀሙበት መቀመጫው ሁልጊዜ እርጥብ እየሆነ፣ በውጪው ነጭ ብናኝ እየወጣ፣ የውስጡ ቅብም እየተላጠ እንዳስቸገራቸው ጽፈውልኛል። አንድ ጠጋኝ የውስጡን ስንጥቆች በሱፐር ግሉ ሞልቶ ውጪውን ቫርኒሽ ቢቀባላቸውም ልጠቱ ብሶበታል፤ አሁን የሚጠይቁኝ የትኛው ማጣበቂያ እንደሚሻል ነው።

ማጣበቂያውን ይተዉት። ከቫርኒሹ በኋላ መባሱ ነገሩን ይነግረኛል፤ ማሰሮው አልተሰበረም፣ ገላው፣ ማለትም ከቅቡ ሥር ያለው ሸክላ፣ በቂ እሳት ስላላገኘ እርጥበት ይጠጣል፣ ጨውም በቅቡ ስንጥቆች በኩል ወደ ገላው ገብቷል። ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ራሱ ውሃ ስቦ ይሟሟል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይረጋል፣ ማለትም ጠጣር ይሆናል። ውጪው ክፍት በነበረ ጊዜ በውጪው ላይ ይረጋ ነበር፤ ቫርኒሹ መውጫውን ሲዘጋበት ከውስጠኛው ቅብ ሥር እየረጋ ቅቡን ይገፈትረዋል። ለማረጋገጥ ብናኙን በሞቀ ውሃ ይበጥብጡት፤ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ጨው ነው።

ቅቡ ለምን ተሰነጠቀ የሚለውን ግን ሳላብራራ አላልፍም። ባለሙያዎች ግሌዝ የምንለው ይህ ቅብ በምድጃ ውስጥ ቀልጦ ገላው ላይ የተጣበቀ መስታወት ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይሰበሰባሉ፤ ቅቡ ከገላው ይበልጥ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ በእጥበት እንዳጠረ ልብስ፣ ለገላው ይጠበዋል። መስታወት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲወጥሩት ግን ደካማ ስለሆነ እንደ መረብ በቀጫጭን መስመሮች ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ በምድጃው ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ በደንብ ያልበሰለ ገላ ከአየር እርጥበት እየጠጣ በጥቂቱ ስለሚያብጥ፣ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ማሰሮ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። መስመሮቹን ማየት ከፈለጉ ቀለም ቀብተው ወዲያው ይጥረጉት፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ እሳቱን የሚቀንሱና ተዘጋጅቶ የተገዛ ርካሽ ቅብ ከየትኛውም ሸክላ ጋር የሚያጣምሩ ሠሪዎች ይህን ጣጣ ለገዢው ያስተላልፉታል።

ከሁሉ አስቀድመው በማሰሮው ውስጥ ያለውን ጨው ይጣሉት፤ የተላጠው ቅብ የመስታወት ስባሪ ነው፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይኑርበት አይኑርበትም በዓይን አይለይም።

ሱፐር ግሉውን በአሴቶን ያለስልሱትና በእንጨት ይፋቁት፤ ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን። ቫርኒሹንም እንዲሁ ያውጡት። በብርጭቆ ወረቀት ደርቆ እያለ መፈተግ ሳንባ የሚጎዳ የሲሊካ አቧራ ስለሚያስነሣ አይሞከርም። ከዚያ ማሰሮውን በንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፉትና ውሃውን በየቀኑ ይለውጡ። ከመዘፍዘፊያው አንድ ጠብታ፣ ከአዲሱ ውሃ ሌላ ጠብታ በመስታወት ላይ አድርቀው ያወዳድሩ፤ የሁለቱ እድፍ ሲመሳሰል ጨው መውጣቱን አቁሟል። ማድረቁ በጥላና በዝግታ ይሁን፤ እርጥብ ማሰሮ ወደ ምድጃ ከገባ እንፋሎቱ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ይመዝኑት፣ 24 ሰዓት ዘፍዝፈው ውጪውን ጠርገው እንደገና ይመዝኑት። 1,500 ግራም የነበረው 1,620 ከሆነ 8 በመቶ ጠጥቷል ማለት ነው። በከፍተኛ ሙቀት የበሰለ ጥሩ ሸክላ ከ3 በመቶ በታች ይጠጣል። የእርስዎ ከዚያ በብዙ ካለፈ፣ እኔም እንደሚያልፍ እገምታለሁ፣ ለጨው፣ ለዘይትና ለኮምጣጤ ነገር አይሆንም፤ እንደ ኢፖክሲና ሲሊከን ያለ ማጣበቂያም አይለውጠውም። እንደገና ማቃጠልንም አልመክርም፤ የቀረ ጨው በምድጃው ውስጥ ተንኖ ምድጃውንና አብረውት የገቡትን ዕቃዎች ያበላሻል።

ደግሜ እላለሁ፤ ውስጡ የተላጠ ማሰሮ ምግብ በቀጥታ አይነካውም። ቅርጹን ከወደዱት ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮ ውስጡ አስገብተው፣ ወይም ለቁልፍና ለክር ማስቀመጫ ይጠቀሙበት።

ሌላ የጨው ማሰሮ ሲገዙ ገልብጠው ቅብ ያልነካው መቀመጫ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ጠብታው ወዲያው ሰርጎ ከጠፋ ዕቃውን ለጨው አይውሰዱት።