ጉልበቱ ባላመመው ቀን ለምን ይወጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ7 ዓመት ልጄ ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ፣ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ፣ አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን ደም የሚያረጋው ፕሮቲን፣ ፋክተር 8፣ በደም ስሩ ይሰጠዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጉልበቱ አላበጠም። አማቴ «ደህና ልጅ ምን አድርጎ ነው የሚወጋው?» ይላሉ። እኔም ሲወጋ ሳየው አንጀቴ አይችልም። ሲያብጥ ብቻ ብናስወጋው አይሻልም? ደግሞ ብስክሌት ካልገዛችሁልኝ ብሎ አስጨንቆናል።
እናት ነኝ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ መርፌውን አያቋርጡ። ጉልበቱ ደህና የሰነበተው መርፌው ስላለ ነው።

ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ያለበት ልጅ ፋክተር 8 መጠኑ ከጤነኛ ሰው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ መጋጠሚያው ውስጥ ይደማል። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ላይ ይበረታል። የፈሰሰው ደም ቀስ እያለ ይመጠጣል፤ በውስጡ የነበረው ብረት ግን እዚያው ይቀርና የመጋጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣዋል። የተቆጣው ሽፋን ይወፍራል፣ ስስ የደም ስሮች ያበቅላል፣ ስለዚህ በትንሹ እንደገና ይደማል። ልም አጥንቱም ይበላል። እብጠቱ ስለጎደለ ጉዳቱ ዳነ ማለት አይደለም። የተበላን ልም አጥንት ደግሞ የቱም ፋክተር አይመልሰውም።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበታቸው አልዘረጋ ያላቸው ወጣቶች ሲመጡ ታሪካቸው ይመሳሰላል። ልጅ ሳሉ ፋክተር አላገኙም፤ ባበጠ ቁጥር ወጌሻ ጋ ተወስደው ታሽተዋል። እየደማ ያለን ጉልበት ማሸት መድማቱን ያባብሰዋል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ወላጆቹ የወሰዷቸው ሊያድኗቸው ነበርና።

ሳይደማ አስቀድሞ ፋክተር የመስጠቱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ስዊድን ውስጥ፣ ማልሞ ከተማ፣ ፕሮፌሰር ኢንጋ ማሪ ኒልሰን በ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምረውታል። መጠኑ ከ1 በመቶ በላይ የሆነ ሰው መጋጠሚያው እምብዛም እንደማይጎዳ ታይቶ ነበር፤ ሕመሙ የከበደበትንም ልጅ እዚያ ደረጃ ላይ እናቆየው ነው ነገሩ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ጥናት 65 ሕፃናትን ተከታትሏል። 6 ዓመት ሲሞላቸው በኤምአርአይ ታዩ። አስቀድመው ሲወስዱ ከቆዩት 93 በመቶው መጋጠሚያቸው ደህና ነበር። ሲደሙ ብቻ ከታከሙት ግን 55 በመቶው።

ፋክተር 8 ሰውነት ውስጥ አይከርምም፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። «ዛሬ ይለፈው» ሲባል ልጁ ያለ መከላከያ ይቀራል። አማትዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ደም ስሩን ማግኘት አስቸጋሪ ከሆነ ኤሚሲዙማብ ስለሚባለው የመከላከያ መድኃኒትም ሐኪሙን ይጠይቁ። ከቆዳ ስር ይሰጣል፣ በየሳምንቱ፣ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ። የጀመረን ደም ግን አያቆምም፤ ለዚያ ፋክተር ያስፈልጋል።

ብስክሌቱን ይግዙለት! ከተማችን ሜዳ ነው፤ ጎረምሳው ሁሉ በብስክሌት በሚሄድበት ሰፈር እሱን ብቻ ማስቀመጥ ያሳዝናል። የጭን ጡንቻው ሲጠነክር ጉልበቱን ይደግፍለታል። ኮርቻው ከፍ ይበል፣ ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ያድርግ፣ መርፌ በወሰደበት ቀን ይንዳ። ጉልበቱ ደምቶ ከነበረ ግን እኛ ሳናየው አይውጣ። ዋናም ግሩም ነው፣ ጣና ዳር ግን አይሁን፤ ቢልሃርዝያ አለ። ገንዳ ይፈልጉለት። እግር ኳስ ግጭት ስለሚበዛበት እኔ አልመክርም።

አንድ ቀን «ጉልበቴ ውስጡን ይሞቀኛል» ወይም «ይነዝረኛል» ካለዎት እብጠት እስኪታይ አይጠብቁ። ወዲያው ፋክተር ይሰጠው፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይደረግለት። ለሕመሙ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ፓራሲታሞል ይስጡት፤ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን መድማትን ስለሚያባብሱ አይስጡት።