ወፏ ራሷ ትነሳ፦ የሚበሩ ፍጥረታትን ፎቶ ስለ ማንሳት ጥያቄና መልስ

የሚበሩ ወፎችን ስለ ማንሳት የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተከምረዋል። ግማሹ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ» ነው። እሱን መጨረሻ ላይ አሳጥሬ እመልሳለሁ።

ከአዳማ፦ የማነሳው ወፍ ሁሉ ብዥ ይላል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራህ ደህና ነው። የላክኸው ፎቶ የተነሳው በ1/250 ሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት የተቀመጠች ርግብ ትወጣለች፣ የምትበር አትወጣም። ለርግብና ለትናንሽ ወፎች ከ1/2500 ጀምር። ለአሞራና ለፔሊካን 1/1250 ይበቃል። ብርሃን ካነሰህ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምር። ፎከሱንም ወፏን እየተከተለ እንዲያስተካክል ተከታታይ አድርገው፤ ካኖን ላይ «ሰርቮ»፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤ ኤፍ ሲ» ይለዋል።

ከፍቼ፦ ሰማይ ላይ ያለ አሞራ ሁሌ ጥቁር ሆኖ ይወጣብኛል።

ካሜራው የሚለካው አሞራውን ሳይሆን ሰማዩን ነው። ሰማዩ ሲነጣበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 1፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ውሰደው። ለነጯ ሳቢሳ ተቃራኒው ነው። ጠቆር ያለ ደን ፊት ስትበር ወደ ማይነስ ካላወረድከው ላባዋ ሁሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ደግሞ ደብረ ሊባኖስ አፍንጫህ ሥር እያለ ሰማይ ሰማይ ምን አሳየህ? ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከጫፉ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ረፋድ ላይ አየሩ ሲሞቅ አሞሮቹ ከበታችህ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ። ፀሐይ ያረፈበትን ጀርባቸውን ታገኛለህ።

ከሻሸመኔ፦ አቢያታ ሄደን ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ደፍተው አልነሳ አሉ። ለአንድ ልጅ ትንሽ ብር ሰጥተነው ድንጋይ ወረወረ። ተነሱ፣ ግን ፎቶው ሁሉ ጀርባና ጅራት ሆነ። ምን ዓይነት ሌንስ ይሻለናል?

ችግሩ ሌንሱ አይደለም። ድንጋዩ ነው።

ፍላሚንጎ አንገቱን የደፋው እየበላ ስለሆነ ነው። ምንቃሩን ገልብጦ ደቃቅ አልጌ ከውሃው ያጠልላል። ምግቡ እንዲህ ደቃቅ ስለሆነ ለመጥገብ ረጅም ሰዓት መልቀም አለበት። ለመነሳት ደግሞ ውሃው ላይ እየሮጠ ይንደረደራል። ብዙ ጉልበት ይፈጃል። እናንተ አንድ ጊዜ አስነስታችሁ ሄዳችሁ። ከኋላችሁ ሌላ መኪና ይመጣል፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ድንጋይ።

ሐይቁ ራሱ የተጎዳ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ በመስኖ ቀነሰ። ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ምርትም ከራሱ ተቀዳ። ዳርቻው ሸሸ፣ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከጎረቤት ከአቢያታ ነበር። ዛሬ ርቀው መሄድ አለባቸው። እዚህ ቦታ ላይ ወፍ ማባረር ያሳፍራል። ልጁን አልወቅሰውም፤ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።

ወደ ፎቶው ስንመጣ፣ የደነገጠ ወፍ የሚሸሸው ከእናንተ ነው። ጅራቱን ያነሳችሁት ለዚህ ነው። ፊቱን የምትፈልጉ ከሆነ ነፋሱን አስተውሉ። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ስለዚህ ነፋሱንም ፀሐዩንም ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። ሊነሳ ሲል ያስታውቃል። መብላቱን ያቆማል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ወደ ነፋሱ መራመድ ይጀምራል። ትልልቅ ወፎች ብዙ ጊዜ ኩሳቸውን ጣል አድርገው ነው የሚነሱት። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። ጣታችሁን አዘጋጁ።

መጠበቅ አንችልም ካላችሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። አጥማጆቹ ለሚጥሉት የዓሣ አንጀት ሲሻሙ አባ ኮዳና ፔሊካን አናታችሁ ላይ ይመጣሉ። ማንም ማንንም አያባርርም።

ድሮን ብልክባቸውስ?

ከላይ ያለውን መልስ እንደገና አንብብ። ፈቃዱን ደግሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ከሐረር፦ ጭላት በፀሐይዋ ፊት ስታልፍ በካሜራው ቀዳዳ እያየሁ ተከተልኳት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ዓይኔ መሃል ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታየኛል። ሌንሱን በምን ላጽዳው?

ወንድሜ፣ ሌንሱን ተወው። ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ረጅም ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ይጨምራል፤ ሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ያቃጥላል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፣ ስለዚህ «አላመመኝም» ብለህ አትዘናጋ። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝተህ እንዳታልፈው። እዚያ ስፔሻሊስት ካጣህ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ሌሎቻችሁም፣ ፀሐይን በካሜራ ቀዳዳ አትዩ። ካስፈለገ ከኋላ ባለው ስክሪን ተጠቀሙ።

ከገርጂ፦ በአዲሱ ካሜራዬ ያነሳኋት ወፍ ክንፏ ተጣሞ ወጣ።

ድምፅ አልባውን (ኤሌክትሮኒክ) ሻተር አጥፋ። ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ አንብቦ እስኪጨርስ ክንፉ ቦታ ይቀይራል። ሜካኒካሉን ተጠቀም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጡረታ ወጥቼ ንብ አረባለሁ። የምትበር ንብ ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል ጋሼ፣ ያውም ቀፎው በእጅዎ ነው። ንብ በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ክንፏን ስለምትመታ የሻተር ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም። ፍላሽ ይጠቀሙ፣ ኃይሉንም ዝቅ ያድርጉት። ፍላሽ ኃይሉ ሲቀንስ የሚበራበት ጊዜም ያጥራል፤ ክንፏን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ፎከሱን የቀፎው በር ላይ አስቀድመው ያስተካክሉ። ንቧ ስትመለስ እዚያ ጋ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይቁሙ፤ ይህን ግን እርስዎ ለኔ ቢነግሩኝ ይሻላል።

ከእስራኤል፦ እዚህ በመጸው የሚያልፉት ሽመላዎች ወደኛ አገር ይመጣሉ?

ከነሱ የተወሰኑት ይመጣሉ፣ እህቴ። ሽመላ የሚጓዘው ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው። ባሕር ላይ ያ አየር ስለሌለ ሜዲትራኒያንን ዞሮ በእናንተ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ አትነሺ፤ መሬቱ ሲሞቅ ነው የሚመጡት።

የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ያላችሁን ካሜራ ያዙና ገንዘቡን ሌንስ ላይ አውሉት። 400 ሚሊሜትር ከሆነ ያገለገለም ይሁን። ውስጡ ሻጋታ ካለው አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፣ ለኔ ፎቶውን አትላኩ።