ቁልፉ እንደተነካ ድምፁ እንዲወጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። በፓይተን ቋንቋና መስኮት በሚሰራው ቲኪንተር በሰራኸው ፕሮግራም የኪቦርድ ቁልፍ ስትነካ፣ ዊንሳውንድ በሚባለው የዊንዶውስ ድምፅ ማጫወቻ የዌቭ (ያልታመቀ ድምፅ) ፋይል ይጫወታል። ግን አንዳንዴ ድምፁ እስኪያልቅ መስኮቱ ስታክ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ሁለተኛውን ቁልፍ ስትነካ የመጀመሪያው ድምፅ ይቋረጣል፣ ሲብስም ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ለመድረክ ቲያትር የድምፅ ማጫወቻ ፕሮግራም ስለምሰራ ሦስቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። ኮምፒውተርህን አትጠርጥር፤ አዲስ ማሽን ብትገዛም ያው ነው።

መስኮቱ ስታክ የሚያደርገው ዊንሳውንድ ካላዘዝከው በቀር ድምፁ እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ ነው። በዚያ ሰዓት ቲኪንተር ሌላ ቁልፍ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። «አሲንክ» (ሳትጠብቅ አጫውት) የሚለውን አማራጭ ስትጨምር መስኮቱ ነፃ ይሆናል። ግን ዊንሳውንድ በአንድ ጊዜ የሚያጫውተው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አዲሱ የቀደመውን ይቆርጠዋል። በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ ሳውንድ ፕሌየር በሚባለው ማጫወቻ የሚሰሩም ይሄው ነው የሚገጥማቸው። ለማስጠንቀቂያ ደወል ይበቃል፤ ላንተ ስራ ግን አይሆንም። ተወው።

ፓይጌም ከሚባለው የፓይተን ተጨማሪ ጥቅል ሚክሰሩን፣ ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚያጫውተውን ክፍል፣ ውሰድ። መስኮትህን መቀየር አያስፈልግህም፤ ሚክሰሩ ብቻውን ከቲኪንተር ጋር ይሰራል። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዝልኝ፦ ቁልፉ ሲነካ ፕሮግራሙ «አጫውት» ከማለት ሌላ ምንም ስራ ሊቀረው አይገባም። ፋይል መክፈት፣ ማንበብ፣ ድምፁን መፍታት ሁሉ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠናቀቅ። ድምፆቹን በሙሉ ሚሞሪ ላይ ጫንና በዲክሽነሪ (አንዱን ከሌላው በሚያጣምር መዝገብ) ከየቁልፋቸው ጋር አያይዛቸው። ሚሞሪ ይጨርሳል ብለህ አትስጋ። በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አጫጭር ድምፆች ምንም አይሉህም። ረጅም ማጀቢያ ሙዚቃ ካለህ ግን የሚክሰሩን የሙዚቃ ክፍል ተጠቀም፤ እሱ ከዲስክ እያነበበ ያጫውታል፣ በአንድ ጊዜም አንድ ብቻ።

ፋይሎችህን ወደ ኤምፒስሪ ልቀይር ብለሃል። እባክህ አትቀይር። ኤምፒስሪ ሲሰራ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ይገባበታል። ለዘፈን አይታወቅም፣ ለከበሮ ምት ግን ጆሮ ይይዘዋል። ዌቭ ይሁን፣ ቦታ ከጠበበህ ኦግ የሚባለው የታመቀ ዓይነት።

ቀጥሎ ባፈሩ፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀምበት ቦታ። ሚክሰሩን ስታስነሳ የባፈሩን መጠን ራስህ ወስን። በሴኮንድ 44100 ናሙና ላይ ባፈሩ 4096 ከሆነ ወደ 93 ሚሊሴኮንድ ይዘገያል፤ 512 ከሆነ 12 ገደማ። የመጀመሪያውን ጣትህ ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን አያውቀውም። በጣም ካሳነስከው ግን ድምፁ መንጫጫት ይጀምራል፤ ያኔ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው። ቻናሎቹም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ የሚያጫውቱት መስመሮች፣ ሲነሱ 8 ናቸው። ስምንቱም ከተያዙ ዘጠነኛው ድምፅ ምንም ስህተት ሳያሳይህ ዝም ይላል። 32 አድርገው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው። ቁልፍ ተጭነህ ስትቆይ ሲስተሙ «ተነካ፣ ተነካ፣ ተነካ» እያለ ይልክልሃል። በልምምድ ላይ ድምፅ የሚያጫውተው ልጅ የነጎድጓዱን ቁልፍ ተጭኖ፣ ዓይኑን ተዋናዩ ላይ ተክሎ ጣቱን ሳያነሳ ይቆያል። አንዱ ነጎድጓድ በሌላው ላይ እየተደረበ አዳራሹን ይሞላዋል። መፍትሄው የተያዙትን ቁልፎች «ሴት» (set) በሚባለው የፓይተን ስብስብ መመዝገብ ነው። ቁልፉ ሴቱ ውስጥ ካለ አታጫውት፤ ሲለቀቅ አውጣው። ሊኑክስ ላይ መስኮቶችንና ኪቦርድን የሚያስተናግደው ኤክስ ኢለቨን ቁልፉ ተይዞም ሳለ «ተለቀቀ» የሚል የሐሰት መልእክት በመሃል ስለሚልክ፣ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ጠብቀህ ሌላ «ተነካ» ካልተከተለ ብቻ እመነው። መስኮቱ ፎከስ ሲያጣም (ሌላ መስኮት ሲመረጥ) ሴቱን ባዶ አድርገው። አለበለዚያ ሰው በአልት ታብ ወጥቶ ሲመለስ አንዱ ቁልፍ እንደተያዘ ይቀርና ድምፅ አልባ ይሆንብሃል።

ቁልፎቹን በሚጽፉት ፊደል ሳይሆን በኪኮዳቸው (በየቁልፉ መለያ ቁጥር) ለያቸው። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ በተቀየረ ሰዓት «ኤ» ን የሚጠብቅ ኮድ ምንም አያገኝም።

ድምፅ በመሃል ስታቆም ድንገት አትቁረጠው፣ «ጠቅ» ይላል። በ50 ሚሊሴኮንድ ፌድአውት አድርገው፣ ቀስ እያለ ይጥፋ።

ይህን ሁሉ አድርገህም ከዘገየብህ መጀመሪያ ብሉቱዙን አጥፋና ባለገመድ ሄድፎን ሰክተህ ሞክር። ብሉቱዝ በራሱ የሚጨምረውን መዘግየት በኮድ አትመልሰውም። በገመድም ከዘገየ፣ ቁልፉ ሲነካ የሚጠራውን ፋንክሽን ብቻ ቆርጠህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።