ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ወጡ ተሞቆ ቀርቦ ለምን አመመን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ የልጄን ክርስትና ደግሰን ነበር። ዶሮ ወጡ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከእሳት ወረደ። ትልቁ ድስት ፍሪጅ ስለማይገባ ከድነን ኩሽና አሳደርነው። እሑድ አሙቀን 7 ሰዓት ላይ አቀረብን። ሽታውም ጣዕሙም ምንም አልነበረውም። ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ግን እኔን ጨምሮ 14 ሰው በቁርጠትና በተቅማጥ ተጣደፈ። ያስመለሰውም ሆነ ያተኮሰው የለም። በማግስቱ ሁላችንም ተሻለን። አክስቴ ግን ክሊኒክ ሄደው «ታይፎይድ ነው» ተብለው መድኃኒት ታዘዘላቸው። አማቴ «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ፤ ሌላው ቅቤውን ይጠረጥራል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን እሑድ ጠዋት በትንሽ ድስት ለብቻ የተሠራውን ዶሮ የበሉት ደህና ናቸው። ጥፋቱ የምንድን ነው? የተረፈውስ ይበላል?
ደጋሿ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅዎን ያሳድግልዎ! ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው።

በምግብ የተነሳ ሕመም ሲያጋጥም «ምን በላችሁ?» ብቻ አይበቃም። «መቼ በላችሁ፣ መቼ አመማችሁ?» መባል አለበት። በልተው ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች እየተከታተሉ ቢያስመልሱ ኖሮ፣ እንቁላል የላጠ ወይም ዶሮ የበለተ ቁስል ያለበት እጅ እጠረጥር ነበር። እዚያ ላይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አለ። እሱ የሚረጨው መርዝ ደግሞ ወጡ ቢንተከተክም አይጠፋም። ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢኖር ሐሳቤ ሳልሞኔላ ወይም ሺጌላ ወደሚባሉት ባክቴሪያዎች ይሄድ ነበር።

የእናንተ ግን ከበላችሁ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ጀመረ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ብቻ ሆነ፣ በአንድ ቀን ለቀቀ። ሰገራና ወጡ ላብራቶሪ ሳይገባ አልምልም፤ ይህ መልክ ግን ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ስሙ ይርዘም እንጂ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም። አፈር ውስጥ፣ የእንስሳት አንጀት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ቅመም ውስጥ ይገኛል። ሲፈላ የሚሞት ይመስላል እንጂ ጠንካራ ልባስ ለብሶ እሳቱን ያሳልፋል። ወጡ ከእሳት ወርዶ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል። ወፍራም ወጥ ውስጥ አየር የለም፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ድስት ተከድኖ ሲያድር መሀሉ ለሰዓታት እዚያው ሙቀት ላይ ይቆያል። የጎረቤቶቻችሁ ትንሽ ድስት ግን ተሠርቶ ወዲያው ተበላ። ዶሮ ያው ዶሮ ነው፣ ልዩነቱ ማደሩ ነው።

«አሙቀነው ነበር» ላሉት፣ የድግስ ድስት ሲሞቅ ዳር ዳሩ ይንተከተካል፣ መሀሉ ለብ ይላል። ሽታውን ደግሞ አይመኑት። ምግብ የሚያሸቱት ባክቴሪያዎችና ሰው የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ቅቤውን ግን ነጻ ለቅቄዋለሁ፤ የሕመሙ መልክ የሚያሳየው የወጡን ማደር ነው። የአማትዎን «ዓይን» በተመለከተ ከአማት ጋር አልከራከርም፤ ድስቱን ግን እንዲያዩት ይንገሯቸው።

የአክስትዎ ነገር አሳስቦኛል። ታይፎይድ ዛሬ ተበልቶ ማታ አይጀምርም። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል፣ ዋና ምልክቱም የማይለቅ ትኩሳት ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው «ዊዳል» የሚባል የደም ምርመራ ድሮ የያዘን በሽታ ቆጥሮም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ካልተኮሳቸው ውጤቱን ይዘው ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ለናንተ ዓይነቱ ሕመም አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ይበቃል። እርስዎም ቢያምዎት ማጥባትዎን አያቁሙ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሕፃኑ ግን ካስቀመጠው ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። ደም ያለበት ተቅማጥ፣ የሽንት መጥፋት፣ ወይም የሩዝ ውኃ የመሰለ የማያባራ ተቅማጥ ያየ ሰውም በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሩዝ ውኃ የመሰለው ተቅማጥ የኮሌራ ምልክት ነው።

ለሚቀጥለው ድግስ፣ ከቻላችሁ ዶሮውን በየብልቱ ቆራርጣችሁና አጥባችሁ ፍሪጅ አሳድሩት፣ ወጡን በጠዋት ሥሩት። ማደሩ ግድ ከሆነ በድስቱ አታሳድሩት። ሰፋፊ ትሪና ሳህን ላይ ከሦስት ጣት ባልበለጠ ጥልቀት አከፋፍሉት። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አድርጋችሁ ሳህኖቹን አስቀምጡበት፣ አማስሉት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጁ በቢራና በለስላሳ ከሞላ ቢራው ይውጣ፤ ቢራ ቢሞቅ ማንንም አያሳምምም። በማግስቱ ትንሽ ትንሹን፣ ከሥር እያማሰላችሁ፣ መሀሉም እስኪንተከተክ አሙቁት።

የተረፈውን ጠይቀዋል። ዋጋው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፣ ዶሮ ዛሬ ስንት እንደሆነ እኔም እገዛለሁ። ይድፉት። ለውሻም አይስጡ።